የቆየ ሞተር ሳይክል ዘይት ሲጨመርለት እንጂ ሲቀየርለት አይታይም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። እኛ በደብረ ማርቆስ ከተማ ሞተር ሳይክል የምንጠግን ባለሙያዎች ነን። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊና በባሕር ዳር ዙሪያ መንገዶች ዛሬም ብዙ የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ይሠራሉ። የግብርና ባለሙያው ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው በእነሱ ነው። ነጋዴውም ከሞጣ ቢቸና፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚመላለሰው በእነሱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ተገፍተው ጋራዥ የሚገቡት ብዙ ጊዜ ጉዳታቸው ከዘይት ይነሣል፤ ባለቤቱ ግን ዘይት እንዳላጓደለ ምሎ ይናገራል። እውነቱንም ነው፣ ጨምሯል። «ያረጀ ሞተር ዘይት ይጠጣል፤ እየጨመርክለት ንዳው» የሚለው ምክር በየሰፈሩ ስለሚነገር፣ ጨምሮ መንዳት እንደ እንክብካቤ ተቆጥሯል። ይህን ምክር የሚቃወም ነገር በጋዜጣችሁ እንዲወጣልን ነው የምንጽፈው።

ባለ 4 ስትሮክ ሞተር ሳይክል ውስጥ ያለው ዘይት ከመኪና ዘይት የባሰ ይለፋል። መኪና ለሞተሩ አንድ ዘይት፣ ለካምቢዮው (ለማርሽ ሳጥኑ) ሌላ ዘይት አለው። በሞተር ሳይክል ግን ያው 1 ሊትር ገደማ የሆነ ዘይት ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ የማርሽ ጥርሶችን ይቀባል፣ ፍሪሲዮኑም በውስጡ ተነክሮ ይሠራል። የማርሽ ጥርስ ዘይቱን እየፈጨ ያቀጥነዋል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ብናኝ ይለቅበታል። በፒስተኑ ጎን ጥላሸትና ያልነደደ ቤንዚን ይወርድበታል። ሩብ ሊትር አዲስ ዘይት በዚህ ላይ ሲጨመር ልኩ ይስተካከላል እንጂ ቆሻሻው አይወጣም። እንዲያውም ዘይት የሚበላ ሞተር ዘይቱን አቃጥሎ ቆሻሻውን እዚያው ስለሚያስቀር፣ ሳይቀየር በቆየ ቁጥር የቀረው እየከፋ ይሄዳል።

ከልኩ እንጀምር። ሳይክሉ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ በጎን መቆሚያው አዘንብሎ የተለካ ዘይት ትክክለኛውን አያሳይም። ሞተሩ ተነሥቶ 3 ደቂቃ ያህል ይሥራ፣ ይጥፋ፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ሌላ 3 ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ መለኪያው ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግና ተመልሶ ይግባ። በብዙዎቹ ጃፓን ሠራሽ ሞተሮችና በእነሱ አምሳያ በተሠሩት ላይ፣ ሲለካ መለኪያው አይጠብቅም፤ ጥርሱ ቀዳዳው አፍ ላይ አርፎ ብቻ ይነበባል። አጥብቆ የለካ ሰው መለኪያውን ከሚገባው በላይ ስላጠለቀው የጎደለውን ሞልቷል ብሎ ይሄዳል። አጥብቁ የሚል መመሪያ ያላቸው ሞዴሎችም ስላሉ የራሳችሁን እወቁ። በመስታወት የሚታይ ከሆነ ችግር የለም፣ መስታወቱ ራሱ በዝቃጭ ካልጨለመ በስተቀር።

የትንሽ ሞተር ዘይት ትንሽ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። 1 ሊትር ከሚይዝ ሞተር 300 ሚሊ ሊትር ሲጎድል ወደ ሲሶ የሚጠጋው ሄዷል ማለት ነው። የቀረው 700 ሚሊ ሊትር የሙሉውን ሥራ ይሠራል፣ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይቀጥናል። አብዛኞቹ የቆዩ ሳይክሎች ደግሞ ዘይት ማነሱን የሚናገር መብራት የላቸውም። ከላይ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ የላይ ክዳን) ቀጭን ኳኳታ መሰማት ሲጀምር ማስጠንቀቂያው ዘግይቷል። በአንዳንዶቹ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት የሚዞረው በቴስታታው አሉሚኒየም ላይ በቀጥታ ነው፤ ኩሽኔታ የለውም። ዘይት ለጥቂት ደቂቃ ሲቀርበት አሉሚኒየሙ ይፋቃል። ያ ቦታ ከተፋቀ ደግሞ አዲስ ቴስታታ መግዛት ነው። ስለዚህ ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር፣ ቢያንስ በየሁለተኛው ቅጂ፣ መለኪያው ይታይ።

መብዛቱም ከማነስ ያልተናነሰ ጉዳት አለው። ከላይኛው ምልክት ያለፈ ዘይት በኮለዶካው (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ አረፋን ፓምፕ በደንብ አይገፋውም። ግፊቱ ይጨምርና በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው ይተፋል፣ ኦይል ሲሎችን (ዘይት የሚያግዱትን ላስቲኮች) ይገፋል፣ ጭስ ያበዛል። «ትንሽ ቢተርፍ ምን አለበት» አይባልም።

ልኩ ምንም ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቤንዚን ገብቶበታል። የካርቡራቶሩ ተንሳፋፊ መርፌ ሲበላ፣ ሩቢኔቱ (የቤንዚን መዝጊያው) ክፍት ሆኖ ያደረ ሳይክል ሌሊቱን ሙሉ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ያንጠባጥባል። ያ ቤንዚን በፒስተን ሪንጎቹ በኩል አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ፣ በሁለት ጣት መካከል ሲታሽም እንደ ውኃ ከቀጠነ፣ ያን ዘይት ይዞ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት አይገባም። ዘይቱን ቀይሮ መርፌውን ሳይቀይሩ መተው ደግሞ በሳምንቱ ያንኑ ማድረግ ነው። ሳይክሉ ሲቆም ሩቢኔትን የመዝጋት ልማድ ምንም ወጪ የሌለው የዘይት እንክብካቤ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን መሬት የሚጨምረው ችግር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል። ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት የጠቆረ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሪንግም ያስበላል፣ ዘይትም ያቀጥናል። መፍትሔው ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ቡሎን) በአንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ከጋዙ ጋር ከፍና ዝቅ የሚለውን መርፌ (ተንሳፋፊውን አይደለም) ክሊፕ በአንድ ጥርስ ወደ ላይ ማውጣት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ካንዴላውን እያየ ያድርግ፤ ቀለሙ ወደ ነጭ ከሄደ ቤንዚኑ አንሷልና ይመለስ።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። ነጂው ጋዙን ዘግቶ በማርሽ እየያዘ ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ባዶነት ዘይትን በቫልቮቹ ግንድ በኩል ይስባል። ከድልድዩ በኋላ ጋዝ ሲከፈት በአንድ ጊዜ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ያ የተሳበው ዘይት ነው። ከዚያ ሽቅብ ይጀመራል፦ በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ፣ በሙቀት፣ ሰውና ጭነት ተይዞ። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከዚህ የከፋ ሰዓት የለውም። ስለዚህ ዘይት የሚለካው ደጀን ላይ ነው፣ ጎሐ ጽዮን ከደረሱ በኋላ አይደለም። ትርፍ ግማሽ ሊትርም ይያዝ።

ክረምቱም አለ። የቢቸናና የሞጣ መንገድ ዋልካ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ሲደርቅ አየር እንዳያልፍ ይዘጋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱም ያለ ጊዜው ይበስላል። ጭቃው በእንጨት እየተፋቀ ይውጣ፣ በብረት ግን አይነካ። ወንዝ የሚሻገር ሳይክል የመተንፈሻው ቱቦ ጫፍ የት እንደሆነ ይታይ። የጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚሰበሰብ በቱቦው በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከሆነ ወደ ኮርቻው ሥር ከፍ ተደርጎ ይታሰር። ዘይቱ ቡናማ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቷል፤ ተፈስሶ አዲስ ይደረግ፣ ሞተሩ 10 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይሥራ፣ ያም ተፈስሶ እንደገና ይሞላ። ሁለተኛው ሙሌት ብክነት የሚመስለው ሰው ይኖራል። የመጀመሪያው ግን ማጠቢያ ስለሆነ ውኃውን ይዞ ይወጣል፣ ለመንገድ አይሆንም።

አሁን ወደ መቀየሩ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚሠራ ከሆነ በጠጠርና በአፈር መንገድ በየ1,500፣ በአስፋልት በየ2,000 ኪሎ ሜትር እንላለን። የብዙዎቹ አሮጌ ሳይክሎች ቆጣሪ ግን ሞቷል። ለነዚህ የቤንዚን ቆጠራ ይበቃል፦ አንድ 125 ሲሲ ሞተር በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ 40 ሊትር ሲቀዳ 1,600 ኪሎ ሜትር ሆኗል። ብዙ የማይነዳም ቢሆን ከ6 ወር አይለፍ።

ሞተሩ ለ5 ደቂቃ ይሙቅ። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ ከቀዘቀዘ ዝቃጩ ታች ተኝቶ ይቀራል። ግን እጅ እስኪያቃጥል አይደርስም። የመሙያው ክዳን መጀመሪያ ይላላ። የማፍሰሻው ቡሎን ብዙውን ጊዜ በ17 ቁልፍ ይፈታል፤ ወንፊት ያለበት ትልቅ ታፖ (መክደኛ) ከሆነ 24 ሊሆን ይችላል። ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ 10 ደቂቃ ማንጠብጠብ፣ በመሀሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበል።

የመጨረሻው ግማሽ ስኒ ዘይት በነጭ ሳህን ላይ ተቀብሎ ፀሐይ ላይ ይታይ። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ጥቂት ነው፤ ሞተር ሳይፈርስ ውስጡን የምናይበት ርካሹ መንገድ ግን እሱ ነው። መጥቆሩ ብቻውን አያስፈራም፤ ዘይት የሚጠቁረው ጥላሸቱን ስለያዘልን ነው። ሳህኑን ቀስ እያዘነበላችሁ ተመልከቱ። የብር ቀለም ያለው ደቃቅ ብናኝ ከዘይቱ ጋር ሲንሸራተት ከታየ ማግኔት ይጠጋ፤ የአሮጌ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ይበቃል። ማግኔቱ የሚስበው ብረት ነው፦ ከማርሽ ጥርስ፣ ከኩሽኔታ፣ ከሪንግ የመጣ። በቡሎኑ ጫፍ ላይ ስስ ግራጫ ለጥፍ ቢኖር የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚነሣ ስንጥር ግን የማርሽ ጥርስ መሰበሩን ይናገራል። ማግኔቱ ትቶት የሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተን ወይም ቴስታታ እየተፋቀ ነው። ወርቃማ ቀለም ያለው ከሆነ ነሐስ ነው፣ አንዱ ቡሽ እየተበላ ነው። ጥቁር፣ ለስላሳ ጭረት የመሰለው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ትንሽ የሲልከን (ክዳን የሚያሽግ ማጣበቂያ) ቁራጭ፣ ቀይ ወይም ግራጫ፣ ከተገኘ ደግሞ የቀድሞው ጠጋኝ ያስገባው ነውና ወንፊቱ ዛሬውኑ ይከፈት።

ወንፊቱ በአንዳንዱ ሞተር ከማፍሰሻው ታፖ ላይ በሞላ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ታፖው ሲወጣ ሞላው እንዳይፈናጠር በእጅ እየተያዘ ይውጣ፣ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደነበረም ይታይ። በሌላው ከቀኝ በኩል ካለው ትልቅ ክዳን ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል። በቤንዚንና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ በብርሃን ይታያል፤ ብርሃን የማያሳልፍ ቀዳዳ ካለ ገና አልጸዳም፣ የተቀደደ ከሆነ ይጣላል። የዘይት ፓምፑ የሚስበው በዚህ ወንፊት በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ግማሹ ከተዘጋ መለኪያው ሙሉ እያሳየ ቴስታታው በጥም ይቃጠላል። ለዚህ ነው ልክ ብቻ አይበቃም የምንለው። በየሁለተኛው ለውጥ ወንፊት ይታጠብ።

ከወንፊቱ ሌላ፣ በሆንዳ ሲጂ 125 እና ከሱ በተቀዱት በርካታ ሞተሮች ላይ በኮለዶካው ቀኝ ጫፍ የሚሽከረከር ማጣሪያ አለ። የወረቀት ፊልትሮ ስለሌላቸው ደቃቁን ቆሻሻ የሚይዘው እሱ ነው፤ ሲዞር ከባዱን ብናኝ ወደ ጠርዙ እየወረወረ ያጠራቅማል። አይቀየርም፣ ይጸዳል። ስለማይታይ ግን ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም፣ ሞተሩ ለሌላ ሥራ እስኪፈርስ ድረስ ተከፍቶ የማያውቅ አለ። በአንዳንድ ሞዴል በትንሽ ክብ ክዳን ይደረስበታል፣ በሌላው የቀኙ ክዳን በሙሉ መውረድ አለበት። ትንንሾቹ ስፒሎች ሲፈቱ ልካቸው የሆነ ካቻቢቴ ይያዝ፤ ጭንቅላታቸው ቶሎ ይበላል። ውስጡ ጠርዙን ተከትሎ የተጋገረ ጥቁር ግራጫ ዝቃጭ ይገኛል። በእንጨት ጫፍ ተፍቆ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጠረግ። በኮምፕሬሰር አየር በፍጹም አይነፋም፤ አየሩ ዝቃጩን መሀል ላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ኮለዶካው የዘይት መንገድ ይገፋዋል፣ ከዚያ ወደ ቢየላው (ፒስተኑን ከኮለዶካው ወደሚያገናኘው ክንድ) ኩሽኔታ ይሄዳል። ቤንዚን ማፍሰስም እንደዚያው። በየ10,000 ኪሎ ሜትር ይከፈት፤ ታሪኩ የማይታወቅ ሳይክል የገዛ ሰው ግን ቁጥር ሳይጠብቅ አሁኑኑ ያስከፍት።

የወረቀት ፊልትሮ ባላቸው ላይ ደግሞ አገባቡ ይጠበቅ። ወደ ውጭ የሚዞረው ጎን በብዙዎቹ ላይ ተጽፎበታል። ተገልብጦ ከገባ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል፣ ሞተሩም በአጭር ጊዜ ይጣበቃል።

ስለ ሲልከን አንድ ነገር ጠንከር አድርገን እንናገር። ጓርኒሲዮን (በክዳንና በሞተር መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ጠፋ ተብሎ ክዳን በወፍራም ሲልከን የሚገጠምበት ልማድ ብዙ ሞተር አጥፍቷል። ክዳኑ ሲጠብቅ ወደ ውጭ የሚወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ይገባል። እዚያ ደርቆ ይቆረጣል፣ ወንፊቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ወይም ወደ ቴስታታ የሚወጣውን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል። ጓርኒሲዮን ከሌለ ልክ ውፍረት ካለው የጓርኒሲዮን ወረቀት ተቆርጦ፣ በስሱ ግራሶ ተቀብቶ ይገጠም፤ የዘይት ቀዳዳዎቹም ሳይረሱ ይበሱ። ሲሊንደር ሲወርድ በዘይት ቀዳዳው ዙሪያ የምትቀመጠዋን ትንሽ ኦ-ሪንግ መዘንጋትም እንደዚያው ነው። ውጭው ደረቅ ሆኖ ላይኛው ክፍል ግፊት ያጣል።

ቡሎኑ ሲመለስ አዲስ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ ይደረግለት። የሞተሩ ኮፓ (የታችኛው አካል) አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ በጉልበት ይላጣል። መለኪያ ቁልፍ ያለው 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ያጥብቅ። የሌለው በጣት እስኪቆም አዙሮ በአጭር ቁልፍ ሩብ ዙር ያክል። ቱቦ ቀጥሎ ማጥበቅ ለቀጣዩ ለውጥ የተዘጋጀ ጉዳት ነው። ጥርሱ ከተላጠ በክርና በማጣበቂያ አይሸፈን፤ ጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ ዘንድ በብረት ጥርስ ይታደስ።

ሲሞላ መጠኑ ብዙ ጊዜ በሞተሩ አካል ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በተራ ለውጥ ጊዜ ግን ከውስጥ የማይወጣ ትንሽ ዘይት ስለሚቀር 1 ሊትር በሚይዝ ሞተር መጀመሪያ 0.8 ሊትር ብቻ ይግባ፤ 3 ደቂቃ አሠርቶ፣ አጥፍቶ፣ ለክቶ በትንሽ በትንሹ እስከ ላይኛው ምልክት ይጨመር። ዘይት ሲቀየር ሞተሩን በናፍታ ሞልቶ በማስነሣት «ማጠብ» አደገኛ ነው። ናፍታ ኩሽኔታን የሚሸከም ውፍረት የለውም፣ የፈታውንም ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ወንፊቱ ላይ ይጥለዋል፣ የማይወጣው ቅሪት ደግሞ አዲሱን ዘይት ያቀጥናል። ማጠብ የፈለገ ሰው ርካሽ ዘይት ሞልቶ 200 ኪሎ ሜትር በዝግታ ነድቶ ያፍስሰው።

ዘይቱ ራሱ ምን ይሁን ለሚለው መልሳችን አጭር ነው። ለጎጃም አየር 20-50 ወይም 20-40 ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ያለውን ውፍረት ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ ለሞተር ሳይክል መሠራቱ ይበልጣል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጃፓኖች ያወጡት ጃሶ የሚባል መለያ አለ፤ ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) ወይም ኤምኤ2 (MA2) ይፈለግ። ነዳጅ ቆጣቢ የሚባለው ቀጭን የቤት መኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሳይክሉ አይጎትትም። ክዳኑ ተከፍቶ ተመልሶ የተዘጋ ጠርሙስ፣ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ከበርሜል የተቀዳ ዘይት አይገዛ።

ባለ 2 ስትሮክ የሆኑት፣ አልፎ አልፎ የሚታዩት ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100፣ ሕጋቸው ሌላ ነው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ ፒስተኑ የሚለሰልሰው ከቤንዚን ጋር አብሮ በሚቃጠል ልዩ ዘይት ነው። የዘይት ታንኩ አንድ ጊዜ ባዶ ከሆነ በቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ ሞልቶ መሄድ ብቻ አይበቃም፣ በፓምፑ ላይ ያለችው ስፒል ላልታ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ይፈስስ። እስኪረጋገጥ ድረስ በታንኩ ቤንዚን ላይ ትንሽ ዘይት ይደባለቅ። ፓምፑ ተነቅሎ በድብልቅ የሚሠራ ከሆነ በ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለት 25 ለ1፣ ለአሮጌ ሞተር ደኅና ልክ ነው። በዓይን ግምት አይፈስስም፤ የሕፃን ጡጦ ወይም ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ማንኛውም ዕቃ ይያዝ።

ጭስ ሲታይ መቼ እንደሚታይ ይጠየቅ። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ጭሶ የሚተው ከሆነ የቫልቭ ላስቲክ ነው፣ ብዙ ወጪ የለውም። ጋዝ በተሰጠ ቁጥር የሚጨስ ከሆነ ሪንግ ወይም ሲሊንደር ነው። ለማረጋገጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ኮምፕሬሽኑን መለካት ነው፤ ከፊቱ በግልጽ ከጨመረ ሪንጉ ነው፣ ካልጨመረ ቫልቩ። ዘይት ወደ ውጭ የሚያልብ ሞተር ላይ ደግሞ ኦይል ሲል ከመቀየር በፊት የመተንፈሻው ቱቦ ይነፋ። ብዙ ጊዜ በደረቀ ጭቃ ወይም በነፍሳት ጎጆ ተዘግቶ ይገኛል። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ አዲስ የተገጠመውንም ሲል ይገፋዋል።

ከሲሊንደር ሥራ በኋላ፣ ወይም ለወራት ከቆመ በኋላ፣ ዘይት ወደ ላይ መድረሱ ይታይ። ካንዴላው ተነቅሎ ከገመዱ ጋር የሞተሩን ብረት እንዲነካ ይደረግ፤ ይህ ካልተደረገ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ሊቃጠል ይችላል። ከዚያ 15 ጊዜ ያህል በእግር ይመታ። ካንዴላው ተመልሶ፣ የቫልቭ ማስተካከያው ክዳን ተከፍቶ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይነሣ። በ1 ደቂቃ ውስጥ ሮከሩ (ቫልቩን የሚገፋው ክንድ) ላይ ትኩስ ዘይት ካልታየ ይጥፋ፣ ፓምፑና መንገዱ ይፈተሽ።

የተቃጠለው ዘይት የት ይሂድ የሚለውም የእኛው ጉዳይ ነው። ጨሞጋ፣ ተምጫና ብር ሁሉም ወደ አባይ ይገባሉ፤ ግልገል አባይ ጣናን ይመግባል። በቦይ የተደፋ ዘይት መጨረሻው እነሱ ውስጥ ነው። በጀሪካን ይጠራቀም። ለአጥር ቋሚ ምስጥ መከላከያ የሚወስደው ሰው አይታጣም፤ ለጎተራ እንጨትና ለከብት ቆዳ ግን አይሰጥ፣ ብረትና መርዝ አለበት። እጅም በሳሙና ይታጠብ።

በመጨረሻ ሞተር ሳይክል ለሠራተኞቻቸው የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችን እንጠይቃለን። በየሩብ ዓመቱ ዘይት ብቻ አትግዙ፤ በአንድ ሊትር ላይ ሁለት የማፍሰሻ ሮንዴላ፣ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ሳይክል አንድ የቀኝ ክዳን ጓርኒሲዮንና የወንፊት ኦ-ሪንግ ይጨመር። ያለ እነዚህ ጠጋኙ ወንፊቱንና የሚሽከረከረውን ማጣሪያ ከፍቶ መልሶ መግጠም ስለማይችል ሳይነካው ይተወዋል። ከኮርቻው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደብተር ይኑር፦ ቀኑ፣ የተቀዳው ቤንዚን፣ የተጨመረው ዘይት በሚሊ ሊትር፣ የተቀየረበት ቀን፣ ወንፊቱ የታጠበበት ቀን። ሳይክሉ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደብተሩም አብሮ ይፈረምበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያዎች
ደብረ ማርቆስ